የእናቴ ጉልበት ስትሰግድ «ቋ» ይላል፤ ስግደቱን ታቁም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ስትሰግድ ቀኝ ጉልበቷ «ቋ» ይላል። እብጠት የለውም፤ ደረጃ ስትወጣ ግን ያማታል። ቅዳሜና እሁድ ስግደት ስለሌለ ትንሽ ይቀላታል። ጎረቤት «የጉልበትሽ ቅባት አልቋል» ብላ አስደነገጠቻት። እውነት ጉልበት ቅባት አለው?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አዎ፣ ቅባት አለው። የጭንና የቅልጥም አጥንት ጫፋቸው ላይ ነጭ፣ የሚያዳልጥ ሽፋን አላቸው፤ ካርቲሌጅ ይባላል። መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የያዘ ከረጢትም አለ። የከረጢቱ የውስጥ ሽፋን እንደ እንቁላል ነጭ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ያመነጫል። ጎረቤታችሁ ቅባት ያሉት እሱን ነው። ግን በዕድሜ የሚሳሳው በዋናነት ካርቲሌጁ ነው። ካርቲሌጅ የደም ስር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከዚያ ፈሳሽ ነው። እንደ ስፖንጅ ነው፤ ስንንቀሳቀስ ይጨመቃል፣ ሲለቀቅ ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ስለዚህ እናትሽን «አልጋ ላይ ዋይ» እንዳትያቸው!

ሕመም የሌለው «ቋ» አያስፈራም። ፈሳሹ ውስጥ የጋዝ አረፋ ሲፈጠር ወይም ጅማት አጥንት ላይ ሸርተት ሲል ይሰማል። እኔን የሚያሳስበኝ የደረጃው ሕመም ነው። ጉልበት በጣም ሲታጠፍ የጉልበት ሎሚው፣ ማለትም ከፊት ያለው ክብ አጥንት፣ የጭን አጥንት ላይ አጥብቆ ይጫናል። ስግደትም ደረጃም እንደዚያው ነው። እረፍት ባለባቸው ቀናት የሚቀላቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

መልስ 2፦ የኔም እናት እንዲሁ ነበረች። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ቀጥ አድርጋ መዘርጋት፣ አምስት ሰከንድ መያዝ፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር። የጭን ጡንቻዋ ሲጠነክር በወር ከምናምን ደረጃውን ለመደችው።

መልስ 3፦ ጎበዝ ወጌሻ ፈልጊላትና ትታሽ።

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ሳይመረመር መታሸቱ ይቅር። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም ታጥፎ አልዘረጋ ካለ በቶሎ ሐኪም ቤት ይሂዱ። እነዚህ ባይኖሩም ሕመሙ ከሰነበተ ይታዩ። ስግደቱን ለጊዜው ቀነስ ያድርጉት፤ የታመመ ሰው ቢቀንስ ችግር የለውም፣ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወንበር ላይ አስቀምጫት እግሯን እየዘረጋች ነው። ቀኙ ሰባተኛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ችግር አለው?

መልስ 1፦ ካላመማቸው ጡንቻው ደክሞ ነው። ዛሬ ሰባት ይበቃቸዋል።