የተለበጠ ሳንቲምና ቆርኪ በሜታል ዲቴክተር እንዴት ይለያሉ?

መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት የሚጠቁመው መሣሪያዬ አዲስ ነው፤ ባለ አንድ ድግግሞሽ ቪኤልኤፍ (በጣም ዝቅተኛ ድግግሞሽ)፣ ባለ 11 ኢንች ዲዲ ኮይል (መሬቱን የሚጠርገው፣ ሁለት የዲ ቅርጽ ጥቅል ሽቦ ያለው ሳህን)፣ የብረቱን ዓይነት ለመገመት ከ0 እስከ 99 ቁጥር የሚያሳይ። የምፈትሸው አዳማ ውስጥ ያለ አሮጌ ግቢ ነው፣ በባለቤቱ ፈቃድ። አፈሩ እሳተ ገሞራ ወለድ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ይጮህ ነበር። ግራውንድ ባላንሱን (የአፈሩን ማዕድን ምልክት የሚያጠፋውን ማስተካከያ) በእጅ አስተካክዬ ሴንሲቲቪቲውን (የመሣሪያውን ንቃት) ወደ 70 በመቶ ሳወርደው ረገበ፤ እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ችግሩ ሳንቲሙ ላይ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ቀብሬ ስሞክር፣ ማግኔት የማይስበው የ1969ኙ 50 ሳንቲም ከግራም ከቀኝም ስጠርገው ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። ማግኔት የሚስባቸው የኋለኞቹ፣ ማለትም የተለበጡት፣ ግን ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ከምስማር ቁጥር ተነስተው የብር ጌጥ ቁጥር ላይ ይዘላሉ። የቢራ ቆርኪም ልክ እንደዚያው! ግቢው ደግሞ ቆርኪ የተዘራበት ነው የሚመስለው። ዲስክሪሚኔሽኑን (የማይፈለግ ብረትን ድምፅ የሚያፍነውን ማስተካከያ) ከፍ ሳደርግ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ኮይሉን ወደ ኋላ ስቤ በጠርዙ ሳዳምጥም ሁለቱም የብረት ድምፅ ያሰማሉ።

ባለ ብዙ ድግግሞሽ ግዛ የሚለው ምክር ይቆየኝ፤ ኪሴ አይፈቅድም። በዚሁ መሣሪያ፣ ቆርኪውን ሁሉ ሳልቆፍር የተለበጠውን ሳንቲም በድምፅ ወይም በጠረጋ ፍጥነት የምለይበት መንገድ አለ?