«የጫካ ወንድሞች»ን በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ስለ ሊትዌኒያ፣ ላትቪያና ኢስቶኒያ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጫካ ገብተው ሶቪየትን የተዋጉትን ሰዎች አገሬው «የጫካ ወንድሞች» ይላቸዋል። ሶቪየቶቹ ደግሞ «ባንዲት»። አርበኛ ልበል ወይስ ሽፍታ? «ባንዲት»ን «ባንዳ» ብለውስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ባንዳ»ን በፍጹም እንዳትነካው! የሁለቱም ቃላት ሥር ጣሊያንኛ ነው፤ በእኛ አማርኛ ግን ባንዳ ለወራሪ ያደረ ሰው ነው። ባንዲት ወንበዴ ነው። ካምታታሃቸው ተዋጊውን ከአሳዳጁ ጎን ታሰልፈዋለህ። ባንዳ ልክክ የሚለው ሊትዌኒያኖቹ «ስትሪባይ» ለሚሏቸው ነው፤ ሶቪየቶች ከዚያው ከአገሬው ሰው መልምለው ላስታጠቋቸው።

ተዋጊዎቹን እኔ አርበኛ ነው የምላቸው። ዱር ቤቴ ያሉት አገራቸው ተይዞ ነው። ሊትዌኒያ ውስጥ ብቻ ከ1944 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. 20 ሺህ ገደማ አልቀዋል። ስንቅና መልእክት ለሚያቀብሏቸውም «የውስጥ አርበኛ» የሚል ጥሩ ቃል አለን። የፈረስ ስም ባይኖራቸውም የትግል ስም ነበራቸው። አስተማሪው አዶልፋስ ራማናውስካስ «ቫናጋስ» ይባል ነበር፣ ጭልፊት ማለት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ተያዘ፣ በ1957 ተገደለ። አጽሙ የተገኘው ገና በ2018 እ.ኤ.አ. ነው።

«ወንበዴ»ን የሶቪየት ሰነድ ስትጠቅስ ብቻ በትምህርተ ጥቅስ አስገባው። ቃሉ ስድብ ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሚያስግዝ ነበር። የተገደሉትን አስከሬን ከተማ አደባባይ ላይ አስጥተው ማን እንደሚያለቅስ ያዩ ነበር። እናት የልጇን ሬሳ አይታ እንደማታውቀው ታልፋለች። ካለቀሰች «የወንበዴ ቤተሰብ» ትባላለች፣ ከዚያ ሳይቤሪያ።

ሌላ መልስ፦ በአርበኛ እስማማለሁ፤ ግን በጅምላ አትስጠው። ከመሃላቸው በጀርመን ጊዜ ከናዚ ጋር ሆኖ አይሁድ የጨፈጨፈም ነበር። ስለ አንድ ሰው የምትጽፍ ከሆነ መጀመሪያ ታሪኩን አጣራ።

በተረፈ «ወንድሞች» የሚለውን አትጣለው። መግቢያው ላይ «የጫካ ወንድሞች የሚባሉት አርበኞች» በል፣ ከዚያ አርበኞች እያልክ ቀጥል። «የደን ወንድሞች» ግን አይሁንብህ። ደን ስትል ዛፉ ነው የሚታሰበው፤ ለነፃነት ብሎ ሰው የሚገባው ጫካ ነው።