«ራሴን ጠላሁት» ስንል እና ወንጌል «ባይጠላ» ሲል አንድ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንዲት የአክስቴ ልጅ ነፍስ አባቷ ጋ መሄድ ትታለች። «ራሴን ጠልቼዋለሁ፣ መስታወት ማየት ራሱ ያስጠላኛል» ትላለች። ልመክራት ስሞክር ሉቃስ 14፥26ን አወጣችብኝ። «የራሱን ሕይወት ባይጠላ ደቀ መዝሙሬ አይሆንም ይል የለ? እኔ ያን እያደረግኩ ነው» አለች። እዚያ ያለው «መጥላት» የእኛው የየቀኑ «መጥላት» ነው?

መልስ፦
አይደለም። በዕብራውያን አነጋገር ሁለቱ ሲነጻጸሩ ይበልጥ የተወደደው «ተወደደ»፣ ያነሰው «ተጠላ» ይባላል። ዘፍጥረት 29ን ተመልከቺ። ቁጥር 30 ያዕቆብ ራሔልን ከልያ ይልቅ ወደዳት ይላል። ቁጥር 31 ላይ ልያ «የተጠላች» ሆና ትገኛለች። አላባረራትም እኮ፣ ስድስት ወንዶች ልጆች ወልዳለታለች። ማቴዎስም ተመሳሳዩን ቃል ሲጽፍ «ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ» ነው ያለው (10፥37)። ነገሩ ጌታን ማስቀደም ነው። ልጅቷ የምትለው ግን «አስጠላኝ» የሚባለው ነው፣ ምግብ አስጠላኝ እንደምንለው።

ሌላ መልስ፦
«ባልንጀራህን እንደ ነፍስህ ውደድ» የሚለውም ይታይ። ግዕዙ «አፍቅር ቢጸከ ከመ ነፍስከ» ነው። ነፍስ እዚህ «ራስ» ማለት ነው። በነገራችን ላይ አሁን አሁን «መጀመሪያ ራስህን ውደድ» የሚል ትእዛዝ ከዚህ ጥቅስ የሚያወጡ አሉ። ጥቅሱ እንዲህ አይልም። ሰው ለራሱ እንደሚሳሳ ታውቆ ያደረ ነገር አድርጎ ነው የሚነሳው።

ሌላ መልስ፦
እኔ ደግሞ «መጥላት» የሚለው ላይ ብዙ ባንቆይ እላለሁ። ለልጅቷ የሚጠቅማት የ«ጸጸት» እና የ«ንስሐ» ልዩነት ነው። ማቴዎስ 27፥3 ይሁዳ «ተጸጸተ» ይላል። ብሩን መልሷል። «በድያለሁ» ብሎ በአፉ ተናግሯል። ግን ለማን ነው የተናገረው? «እኛስ ምን አግዶን?» ላሉት የካህናት አለቆችና ሽማግሌዎች። ከዚያ ብቻውን ሄደ። ጴጥሮስም ክዷል፣ ምርር ብሎ አልቅሷል። እሱ ግን ከወንድሞቹ አልተለየም። በባሕሩ ዳር «ጌታ እኮ ነው» ሲባል ጀልባዋ እስክትደርስ እንኳ አልጠበቀም፣ ውኃው ውስጥ ገባ (ዮሐንስ 21)። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 7፥10 ሁለቱን ኀዘኖች ለይቷቸዋል። አንዱ ወደ ንስሐ ይወስዳል፣ ሌላው ሞትን ያመጣል።

እና ደግሞ ነፍስ አባት ቀኖና ሲሰጥ ልክ አለው። ይህን ያህል ቀን ጹሚ፣ ይህን ያህል ስገጂ፣ ዳዊት ድገሚ። ሲፈጸም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይባላል፣ አለቀ። ራሱን የሚጠላ ሰው ቀኖናውን ለራሱ ይሰጣል፣ ልኩን አያውቀውም፣ የሚፈታውም የለም። ነፍስ አባቷን ስለሸሸች ነው እንጂ እዚያ የሚጠብቃት አሁን ከምትቀጣው በብዙ የቀለለ ነው።

ጠያቂዋ፦
ታዲያ በየጸሎቱ «ኃጥእ ወአባሲ» (ኃጢአተኛና በደለኛ) የምንለው ራስን መጥላት አይደለም?

መልስ፦
ቀራጩን አስታውሺ። «እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ (ሉቃስ 18፥13)። ግሱ «ማረኝ» ነው። «ኃጢአተኛ» የተባለው ምሕረት ሊለመንበት ነው። የድሮ ብራና ጸሐፊዎችም ራሳቸውን «ኃጥእ» ይሉና ስማቸውን ጽፈው «ጸልዩልኝ» ይላሉ።

ሌላ መልስ፦
እኛ ወንጌላውያኑ ጋ ይህን «ኩነኔ» እንለዋለን። «ኩነኔ ውስጥ ገባሁ» ይላል ሰው ከወደቀ በኋላ መጸለይ ሲያቅተው። ቃሉ ከግዕዙ ኰነነ ነው፣ ፈረደ ማለት። ሮሜ 8፥1 በክርስቶስ ላሉት ኩነኔ የለም ይላል። 1ኛ ዮሐንስ 3፥20 ደግሞ የገዛ ልባችን ሲፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው ይላል። ልብ ሁልጊዜ ትክክለኛ ዳኛ እንዳልሆነ በግልጽ የተጻፈ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሞቴን ባየሁ» ማለት ከጀመረች ጥቅስ ብቻ ይዘሽ አትቀመጪ። ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፣ ብቻዋንም አትተያት። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። እንዲያ አላለችም፣ ግን እጠይቃታለሁ። የይሁዳንና የጴጥሮስን ነገር ዛሬ ማታ ደውዬ እነግራታለሁ። ለሴት «ይፍታሽ» ነው የሚባለው አይደል?

መልስ፦
አዎ፣ ይፍታሽ።