ከጎባ በሳነቴ በኩል ወደ ዶሎ መና በብስክሌት፦ ምክራችሁን እንሻለን

ጥያቄ፦
በመጪው ታኅሣሥ ከባለቤቴ ጋር ከጎባ ተነሥተን፣ የባሌ ተራሮችን የሳነቴ አምባ በብስክሌት አቋርጠን፣ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ዶሎ መና ለመውረድ አስበናል፤ ሁለት ሌሊት በድንኳን እናድራለን። እኔ እስከ ደብረ ብርሃን ደጋግሜ ተጉዣለሁ፤ እርሷ ግን ከሰበታ አልፋ አታውቅም። ከዶሎ መና ብንነሣ ይሻላልን? ጓዙንስ እንዴት እንከፋፈል?

መልስ 1፦
ከዶሎ መና እንዳትነሡ። ዶሎ መና ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ዳገት ጓዝ ለጫነ ሰው ቅጣት ነው፤ ጎባ ግን አስቀድማ 2,700 ሜትር ላይ ናት። ይህም ቢሆን በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመኪና ደርሳችሁ በማግስቱ አትውጡ። ከጎባ በፊት ባለችው በዲንሾ ሁለት ሌሊት ብታድሩ ሰውነታችሁ አየሩን ይለምዳል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክንም የመግቢያ ክፍያ እዚያው ትጨርሳላችሁ። አምባው ላይ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ፣ ዕረፍት ብቻ አይበቃምና ወደ ታች ውረዱ። ቱሉ ዲምቱ (4,377 ሜትር) ጫፍ ድረስ መንገድ አለ ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን አትመኙት።

መልስ 2፦
እኛ ስንሄድ መንገዱ ጠጠር ነበር። ከአምባው ወደ ሐረና ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ አስገብታችሁ ትርፍም ያዙ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን ስለሚያግለው፣ በየመካከሉ ቆም እያላችሁ አብርዱት። ጎሚስታ ከጎባ ወዲያ አትጠብቁ።

መልስ 3፦
እኔም እንደ ባለቤትዎ ጀማሪ ሆኜ ከወንድሜ ጋር ተጉዣለሁ፤ ያደከመኝ ዳገቱ ሳይሆን እርሱ እየቀደመ ጫፍ ላይ ቆሞ መጠበቁ ነበር፤ እኔ ስደርስ እርሱ አርፎ ስለሚነሣ፣ ዕረፍት የሚባል ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ እርሷ ትቅደም፣ እርስዎ ይከተሉ። ድንኳኑን፣ ምድጃውንና መፍቻዎቹን እርስዎ ይጫኑ፤ እርሷ ልብስና የመኝታ ከረጢት ይበቃታል። ውኃ ግን እያንዳንዳችሁ ለየራሳችሁ ያዙ። ውሻ ቢያሳድዳችሁ ከብስክሌቱ ወርዳችሁ በመካከል አድርጉት፤ ብዙውን ጊዜ ይተዋል።

መልስ 4፦
ምስር ወይም ባቄላ እቀቅላለሁ ብለው ጋዝ አይፍጁ። በዚያ ከፍታ ውኃ በ86 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይያዙ። ታኅሣሥ ዝናብ ባይኖርም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ እኔ ጠዋት ስነሣ የውኃ ኮዳዬ አፉ ላይ በረዶ ሠርቶ ነበር፣ ጣቶቼም ፍሬን መጨበጥ አቅቷቸው ፀሐይ እስኪወጣ በእግሬ እየገፋሁ ሄድኩ። ኮዳውን ዘቅዝቀው ቢያሳድሩት በረዶው ከላይ ስለሚጀምር ወደ ታች የዞረው አፉ አይዘጋም። አስታ (የደጋውን ቁጥቋጦ) ቆርጦ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። የምግብ ፍርፋሪም አይተዉ፤ ፍርፋሪ ውሻን ይስባል፣ የቀይ ቀበሮው ትልቁ ጠላት ደግሞ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ዲንሾ ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ የመጀመሪያውን የድንኳን ሌሊት አምባው ላይ ከማድረግ ይልቅ፣ በማለዳ ተነሥተን አቋርጠን ከአምባው ባሻገር በሐረና ጫካ ባለችው መንደር በሪራ ብናድር ይሻል ይሆን?

መልስ 1፦
ለጀማሪ አንድ ቀን አይበቃም። ሆኖም እስከ እኩለ ቀን አምባው ላይ ካልደረሳችሁ እዚያ ለማደር አትገደዱ፤ ወደ ጎባ ተመልሳችሁ በማግስቱ በጭነት መኪና ውጡ።