የ1956ቱን የክሌሜንቴ የቤዝቦል ካርድ ሳልጎዳው ከፕላስቲክ መያዣው እንዴት ላውጣው?

የናሆም አባት (ፒትስበርግ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ልቤን የያዘው ጉዳይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። አራት ዓመት አብሬያቸው የቆየሁ አንድ ሽማግሌ ባለፈው ጥር ዐረፉ። ልጅነታቸውን የድሮው ቤዝቦል ስታዲየም ፎርብስ ፊልድ እየተመላለሱ ያሳለፉ፣ የፒትስበርግ ተጫዋች የነበረውን ሮቤርቶ ክሌሜንቴን በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ታኅሣሥ 31 ቀን 1972 (እ.ኤ.አ.) ለኒካራጓ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ የጫነው አውሮፕላን ወድቆ እሱ የሞተበትን ሌሊት ሲነግሩኝ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነገር አይመስልም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ጠርታኝ አንድ ካርድ ሰጠችኝ፦ ቶፕስ የተባለው ካርድ አታሚ በ1956 ያወጣው፣ ቁጥር 33፣ ክሌሜንቴ። ካርዶችን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ በሚሰጠው ድርጅት፣ በፒ ኤስ ኤ፣ የፕላስቲክ መያዣ የታሸገ ነው፤ ደረጃው 4።

ይህን ካርድ ከሌሎቹ አስበልጠው የሚወዱበት ምክንያት ነበራቸው። ቶፕስ ከ1957 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት «ቦብ ክሌሜንቴ» እያለ ነበር የሚያትመው። እሱ ደግሞ ቦብ መባል አይወድም ነበር። በዚህኛው ላይ ግን «ሮቤርቶ» ነው፣ በገዛ ስሙ። እኔንም የቀጠረኝ ድርጅት አሳጥሮ በሰጠኝ ስም አልጠሩኝም፤ እስኪለምዱት ወር ቢፈጅባቸውም ሙሉ ስሜን ነበር የሚጠሩኝ።

አሁን ችግሩ፦ ልጄ ከመደርደሪያ ሲያወርደው ወደቀና የመያዣው የታች ጥግ ተሰነጠቀ። ትንሽ ስባሪ ወደ ውስጥ ገብታለች፤ ሳነሳው ስትንኳኳ ትሰማኛለች። ካርዱን አውጥቼ የአሥራ አንድ ዓመቱ ናሆም በሚሰበስብበት አልበም ውስጥ ላስቀምጠው አስቤያለሁ። መሸጥ አልፈልግም። ቪዲዮ ላይ አንዱ በመዶሻ ሲቀጠቅጠው አይቼ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያደረጋችሁት ካላችሁ ምከሩኝ።

ከዳላስ

ወንድሜ፣ ቆይ። ከመክፈትህ በፊት ይህን እወቅ፦ ደረጃው የሚጸናው ካርዱ እንደታሸገ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከከፈትክ በኋላ ደረጃው የተጻፈበትን መለያ ወረቀት አጠገቡ ብታስቀምጥም ገዢ አያምነውም፤ እንደገና ብትልከውም 4 ስለማግኘቱ ዋስትና የለህም። ፒ ኤስ ኤ የተሰነጠቀ መያዣን በክፍያ በአዲስ ይቀይራል። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ናሆምም አድጎ ኮሌጅ ይገባል።

ሰዓት ጠጋኙ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። የዳላሱ ወንድማችን ያለው እውነት ነው፤ አንድ ቀን እሸጠዋለሁ የሚል ሐሳብ ትንሽም ካለህ እሱን ስማ። ከሌለህ ግን ካርዱ የአንተ ነው። ደረጃም ቢሆን የሰው ዓይን ፍርድ ነው። ፒ ኤስ ኤ በ1991 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የመዘነው የጥንቱ ተጫዋች የሆነስ ዋግነር ካርድ 8 አግኝቶ ነበር፤ በ2013 ግን በአንድ ወቅት የገዛው ነጋዴ ካርዱ የተሻለ እንዲመስል ጠርዙን መቁረጡን ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሰዓት ስከፍት ኖሬአለሁ፤ ካርድም ከስልሳ በላይ ከመያዣ አውጥቻለሁ። አንዱን አበላሽቻለሁ። የ1960 ካርድ ነበር። መያዣው በከፊል ሲከፈት ቸኩዬ ገለበጥኩና አራገፍኩት። ካርዱ ሲንሸራተት የተሰበረው ፕላስቲክ ጠርዝ ላይ ተጎተተና ፊቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር ወጣበት። ዛሬም ሳየው ያመኛል። ስለዚህ ስባሪዋ ወደ ውስጥ መግባቷን ሳነብ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ከአሁን ጀምሮ አታነቃንቀው። የካርዱን ፊት ወደ ላይ አድርገህ አጋድመው፣ ልጁም እንዳያነሳው ንገረው።

መያዣው ሁለት ግማሽ ፕላስቲክ ነው። ሙጫ የለውም፤ ጠርዝ ጠርዙ በከፍተኛ ንዝረት ቀልጦ ነው የተያያዘው። ስለዚህ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በፈሳሽ አለቅቀዋለሁ አትበል፣ የሚጎዳው ካርዱ ነው። መስበር ያለብህ ያንን የተያያዘ መስመር ብቻ ነው። መዶሻ ኃይሉ የት እንደሚያርፍ አትቆጣጠረውም።

ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፍ፣ ከላዩ ንጹሕ ነጭ ወረቀት። መነጽር አድርግ፤ ይህ ፕላስቲክ ሲቆረጥ ይፈናጠራል። እጅህን ታጥበህ በደንብ አድርቅ፣ ቅባት አትቀባ። እኔ በጓንት አልሠራም፤ የካርዱ ጥግ ለጣቴ አይሰማኝም። ከካርዱ እንድትርቅ መለያ ወረቀቱ ካለበት ጫፍ ጀምር። ሁለቱን ጥጎች በመቁረጫ ፒንሳ ትንሽ ትንሽ እየነከስክ፣ በግማሾቹ መካከል ክፍተት ሲታይህ አቁም። የጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ ብቻ እዚያ አስገባና እንደ ቁልፍ አዙረው። አትግፋው! የሚገፋ ካቻቢቴ ያመልጣል፣ ሲያመልጥ የሚያርፈው ካርዱ ላይ ነው። ቀጭ ሲል ትደነግጣለህ፤ ፕላስቲኩ ነው፣ ቀጥል። በጎኑ በኩል ጣት ጣት ያህል እየወረድክ ደጋግመህ አዙር፣ ከዚያ ሌላኛውን ጎን። የተሰነጠቀውን ጥግ መጨረሻ ላይ ተወው። ሁሉም ሲለቅ የላይኛውን ግማሽ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሳ።

ካርዱን ቶሎ አትንካው። መጀመሪያ ስባሪዎቹን የካሜራ ሌንስ በሚነፋበት የጎማ መንፊያ አባርር። በአፍ አይሆንም፣ ምራቅ አለ። በጨርቅም አትጥረግ፣ ስባሪው ይጭረዋል። ምንም እንዳልቀረ በመብራት ካየህ በኋላ ንጹሕ ጠንካራ ወረቀት ከላዩ አድርግና ሁለቱን አንድ ላይ ይዘህ ገልብጥ። የታችኛውን ግማሽ ስታነሳ ካርዱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

የሲያትሏ እናት

ጋሼ ሁሉን ነገሩት፤ እኔ የምጨምረው ስለ አልበሙ ነው፣ ምክንያቱም የእኔ ልጅ ካርድ የተጎዳው ከመያዣ ሲወጣ ሳይሆን አልበም ሲገባ ነው። ከ1952 እስከ 1956 ያሉት የቶፕስ ካርዶች ከዛሬዎቹ ይበልጣሉ። የእርስዎ 2 ከ5/8 በ3 ከ3/4 ኢንች ነው፤ ከ1957 ወዲህ ያለው 2 ከ1/2 በ3 ከ1/2። ዘጠኝ ኪስ ያለው የተለመደው ገጽ ለትንሹ የተሠራ ነው። ትልቁን ቢያስገድዱት አራቱም ጥግ ይታጠፋል። ለእነዚህ ስምንት ኪስ ያለው ገጽ አለ፣ ስሱ ላስቲክ ከረጢትም በልካቸው ይሸጣል። ፒቪሲ የሚባለው ካርድ የሚጎዳ ፕላስቲክ የሌለበት መሆኑን እያዩ ይግዙ። ሁሉም እቤት ሳይደርስ መያዣውን አይክፈቱ። መለያ ወረቀቱንም ወደ ድርጅቱ ይላኩት፤ ከፈለጉ ፎቶ አንስተው ያስቀሩ። ካልላኩት ይህ ካርድ ዛሬም በ4 እንደታሸገ ተቆጥሮ መዝገብ ላይ ይኖራል።

የናሆም አባት

ጋሼ፣ እህቴ፣ የዳላሱ ወንድሜም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገጾቹና ከረጢቱ እስኪመጡ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ትናንት ማታ ከሥራ መልስ፣ ከናሆም ጋር የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሠራነው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። መጀመሪያ ቀጭ ሲል አቁሜ ውኃ ጠጣሁ። ስባሪዋ ከካርዱ የታች ጠርዝ ስር ተሰክታ ነበር፤ በመንፊያው ሦስተኛ ጊዜ ወጣች። ፊቱ ላይ ምንም ጭረት የለም።

ናሆም ጀርባው ላይ ያሉትን ትንንሽ ሥዕሎች ጣቱን ሳያስነካ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ አልበሙ ውስጥ የ1957ቱ ካርድ ቅጂ ካለበት ገጽ ፊት ለፊት አስገባነው፣ «ቦብ» እና «ሮቤርቶ» እንዲተያዩ። የሽማግሌውን ልጅ እሑድ ቤት ጠርተናታል፣ ታየዋለች። መለያ ወረቀቱ ፖስታ ውስጥ ገብቷል፤ ነገ እልከዋለሁ።