በቨርጂኒያ በትምህርት አስተዳደር ሙያ ለመቀጠል ለሚፈልጉ፦ ለማስትሬት ከመመዝገብዎ በፊት

ሀገር ቤት በርዕሰ መምህርነት ያካበቱትን ልምድ ይዘው እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ በዚያው ሙያ መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ለጠየቁን ወንድማችን፣ መልሴ ይችላሉ ነው፤ ሆኖም በአስተዳደር ማስትሬት ለመመዝገብ አይቸኩሉ። ዲግሪውን ይዘው ቀጣሪ ያጡ ወገኖችን አውቃለሁ፤ የጎደላቸው የማስተማር ፈቃድና እዚህ ሀገር ክፍል ውስጥ የቆዩበት ጊዜ ነበር።

በዚህ ስቴት የርዕሰ መምህርነት ፈቃድ የሚገኝበት የተለመደው መንገድ ዕውቅና ባለው ፕሮግራም ከሚሰጠው ማስትሬት ሌላ ፈቃድ በሚጠይቅ የማስተማር ሥራ 3 ዓመት በሙሉ ጊዜ ማገልገልን፣ ቢያንስ 320 ሰዓት ክትትል ያለው የተግባር ልምምድንና የትምህርት ቤት መሪዎችን የፈቃድ ፈተና ማለፍን ይጠይቃል። ስለዚህ አስቀድመው የዲግሪ ማስረጃዎን የስቴቱ ትምህርት መምሪያ በሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት በኩል ኮርስ በኮርስ ያስገምግሙ። ትራንስክሪፕቱ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር እንዲላክ ስለሚጠየቅ፣ እዚያው ቀርቦ ጉዳዩን የሚከታተል የቅርብ ሰው ይወክሉ።

እስከዚያው በረዳት መምህርነት ይግቡ። በታይትል ዋን የፌዴራል ድጋፍ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ሥራ የ2 ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ይበቃል። ደመወዙ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው አነስተኛ ነው፤ ይህን አልሸሽግም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚመራ በቅርብ የሚያዩት እዚያ ነው፤ ብዙ የትምህርት ዲስትሪክቶችም ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ በከፊል ይሸፍናሉ።

ልምድዎ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ግን አይጠራጠሩ። አንዲት እናት ለምዝገባ መጥታ 2008 ዓ.ም. የሚል የልደት ማስረጃ ስታቀርብ፣ ጸሐፊዋ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበችው ልጁ መዝገቡ ላይ ከዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል፤ የክትባት ካርዱም ቀን እንዲሁ ይዛባል። እርስዎ ይህን ገና ሲያዩት ይለዩታል። የፌርፋክስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ ጭምር መረጃ ያዘጋጃሉ፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውሳኔ በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ የእኛን ልጆች ከነቤተሰባቸው የሚያውቅ ሰው መቀመጡ ከትርጉም ሥራ እጅግ የላቀ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ የምለምንዎ፣ ለዩኒቨርሲቲ አንድ ዶላር ከመክፈልዎ በፊት የኢትዮጵያ አገልግሎትዎ ከ3ቱ ዓመት ይታሰብልዎ እንደሆነ የስቴቱን የፈቃድ ክፍል በኢሜይል ይጠይቁና የሚሰጥዎትን የጽሑፍ መልስ ያስቀምጡ።