ቢሯችን በወረቀት ሊዋጥ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የለገሃሯ

ሰላም ለሁላችሁ። ለገሃር አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሃያ የማንሞላ ሠራተኞች ነን። ባለፈው ሳምንት የክፍላችንን ቁም ሳጥን ሳጸዳ ሦስት ካርቶን ሙሉ ወረቀት ወጣ። አብዛኛው በአንድ በኩል ብቻ የተጻፈበት ነው፣ ገሚሱ ደግሞ አንድ ቃል ተሳስቶ እንደገና የታተመ ደብዳቤ። ሊጣል ሲል አላስችል አለኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ቤትም ያው ነው፤ የልጄ ደብተሮች ሰኔ ላይ ግማሻቸው ባዶ ይቀራል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ አዲስ ደርዘን እገዛለሁ።

አለቃዬን ደብዳቤው በወረቀት ከሚወጣ በኢሜይል ቢሄድስ ብዬ ሳናግረው «ማኅተም የሌለው ነገር ማን ይቀበልሻል?» አለኝ። እውነት ነው? ለቆራሌው መሸጥም አስቤ ነበር፣ ግን የሰው ደመወዝ የተጻፈበት ስላለ ፈራሁ። የሞከራችሁት ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

መዝገብ ቤት

እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። እኔ ፒያሳ ኦቾሎኒ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የሰው ሙሉ ስም፣ ስልክና የተበደረው ገንዘብ ተጽፎበት አገኘሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስም ያለበት ወረቀት ሳልቀድ ከእጄ አይወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ወረቀት የሚበላው ግልባጭ ነው። አንድ የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ ይወጣል፣ ከሥሩ ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ፣ ለኦዲት፣ ለጠቅላላ አገልግሎት ይላል፣ የእኛ ቀሪና የባለጉዳዩ ሲጨመር ስድስት ቅጂ ማለት ነው፣ ከስድስቱ ሥራ የሚሠራበት ግን አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ነው። እኛ ጋ ለማወቅ ያህል ብቻ የሚላከው ግልባጭ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይሂድ ተባለ። መጀመሪያ ሰው አጉረመረመ፣ በሁለተኛው ወር ማንም አላነሳውም። ስለዚህ ካርቶኑን ከማየትሽ በፊት ለአንድ ሳምንት ከፕሪንተሩ ምን እንደሚወጣ ጻፊ። የእናንተን በላተኛ ያኔ ታገኚዋለሽ።

ስለ ማኅተሙ፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊነቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። ወደ ውጭ ለሚወጣ ደብዳቤ ተቀባዩ ራሱ ማኅተም ስለሚጠይቅ አለቃሽ እውነት አለው። ከሦስተኛ ፎቅ ወደ አራተኛ ለሚሄድ ማስታወሻ ግን ማኅተም አያስፈልገውም።

ኮፒ ቤት፣ አራት ኪሎ

ሰው ባተመ ቁጥር ገቢው የእኔ ነው፣ ሲባክን ሳይ ግን ያንገበግበኛል። መመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ልጆች መቶ ገጽ ያወጣሉ፣ አማካሪው አሥሩ ላይ ያርማል፣ ተመልሰው መጥተው መቶውንም እንደገና ያትማሉ። ጽሑፉ ወደ ሌላ ገጽ እስካልተገፋ ድረስ የተነካውን ገጽ ብቻ ማውጣት ይበቃል።

አንድ ደስጣ ባለ 80 ግራም ኤ4 500 ቅጠል ነው፣ ሲመዘን ሁለት ኪሎ ተኩል ይሆናል። ፕሪንተራችሁ በፊትና በጀርባ ማተም ከቻለ ሴቲንጉን አንዴ እዚያ ላይ አድርጊውና ተዪው፣ ሰው በየጊዜው ራሱ ይምረጥ ከተባለ ማንም አይመርጥም። በአንድ በኩል የተጻፈበትን ለረቂቅ ስታትሚበት ስፒሉን በደንብ ንቀዪ፣ የታጠፈውንና የተጨማደደውን አታስገቢ፣ ማሽኑ ውስጥ ተቀርቅሮ ሌላ ወረቀት ያስበላሻል። ክረምት ላይ ደግሞ ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ይጠቀለላል፣ ይጣበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እኔ ደስጣውን ከፍቼ አላሳድርም።

የልደታ እናት

ደብተሩን አትጣዪው የኔ እህት። ሰኔ ላይ ልጆቹን ቁጭ አደርግና ባዶውን ቅጠል ከመሃል እንለቅማለን፣ በወፍራም መርፌ ሦስት ቦታ ሰፍቼ የድሮውን ሽፋን እመልስበታለሁ። ሒሳብ መለማመጃ ይሆናል። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር፣ ጋዜጣውን ደግሞ ግድግዳ ላይ ትለጥፈው ነበር፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው ብል አልዋሸሁም።

ሌላው ሶፍት ነው። ለእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ቁረጪ፣ ታጥቦ ይመለሳል። ለቆራሌው የምትሰጪውን ደረቅ አድርጊው፣ ዘይት የነካውና የረጠበው ሌላውንም ያበላሻል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ከሌላው ጋር አይቀላቀል፣ በሙቀት የሚጻፍበት ኬሚካል የተቀባ ስለሆነ። ምግብም አትጠቅልዪበት።

ለምን ይህን ያህል ታደርጊያለሽ የሚሉኝ አሉ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት ከዚህ ሩቅ አልነበረም። እኛ የጣልነው ነው እዚያ የተከመረው፣ እኔ እሱን አልረሳም።

የለገሃሯ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ካርቶኖቹን ለየኋቸው፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ ግልባጭ ነው! ነገ ለአለቃዬ ይዤለት እገባለሁ። የደመወዙን ግን ምን ላድርገው? መቅደጃ ማሽን የለንም።

መዝገብ ቤት

ሦስት አራት ቦታ ቅደጂውና ባልዲ ውስጥ ነክረሽ ሁለት ቀን አቆዪው። ከዚያ በእጅሽ ስታሺው ይፈርሳል፣ ማንም ሊያነበው አይችልም። ጨምቀሽ እንደ ድቡልቡል አድርገሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ሲደርቅ ከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል፣ ብቻ ውጭ ሆናችሁ አቀጣጥሉት እንጂ ቤት ውስጥ እንዳታጨሱት። ለአለቃሽ የምታሳዪውን ካርቶን ግን እንዳለ ይዘሽው ግቢ፣ ይየው።